ፓይኑን የሚያስርበው ቁጥቋጦ፦ ብርሃን አስተጻምሮን የሚያውኩ የዕፅዋት ውሑዶች

በሰሜን ስዊድን የሚገኙ ደኖችን የሚንከባከቡ ባለሙያዎችን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረ አንድ እንቆቅልሽ አለ። የአካባቢው ዋነኛ ዛፍ ስኮትስ ፓይን ነው። ዛፉ ዘሩን በየጊዜው ይበትናል፤ ዛፎቹ ተራርቀው በሚቆሙበት አሮጌ ደን ውስጥም የፀሐይ ብርሃን ያለ ብዙ ከልካይ እስከ መሬት ይዘልቃል። ሆኖም ክሮክቤር የተባለ አጭር ቁጥቋጦ መሬቱን በሸፈነበት ስፍራ ከወደቀው ዘር አብዛኛው አይበቅልም፤ የበቀለውም ቀጭጮ ይቆይና ይደርቃል። ቁጥቋጦው በሌለበት ቦታ ግን ያው ዘር የተሻለ ዕድል ያገኛል።

ክሮክቤር በስዊድንኛ «የቁራ ፍሬ» ማለት ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች የሆነ፣ ጥቁር ፍሬ የሚያፈራ፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያረግፍ ተክል ነው። እሾህ የለውም፤ ጥላውም ችግኝን የሚያፍን አይደለም። ታዲያ ገና በሁለት እግሩ ያልቆመውን ፓይን በምን ይጥለዋል? ተመራማሪዎች መልሱን የፈለጉት በቅጠሉ ውስጥ ባለው ኬሚካል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው የከበደ ሆኖ ተገኘ፤ ኬሚካሉ የሚመታው የፓይኑን ቅጠል ነው ወይስ ሥሩን?

ፓይን ኮኒፈር ከሚባለው የዛፍ ወገን ነው። የዚህ ወገን ዛፎች አበባ አያብቡም፤ ዘራቸውን የሚይዙት ኮን በሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ቅርፊታማ በሆነ አካል ነው፤ የብዙዎቹም ቅጠል እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። በኢትዮጵያ ምድር የዚህ ወገን አባላት የሐበሻ ጥድና ዝግባ ናቸው፤ የሁለቱ ኮን ሥጋማ ስለሆነ ፍሬ ይመስላል እንጂ ዘመዳቸው ፓይን ነው። ኮኒፈሮች ከሌሎች ዕፅዋት የሚለዩበት ሌላም ነገር አላቸው። የባቄላ ዘር በጨለማ ቢበቅል ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ለመሥራት ብርሃን ያስፈልገዋልና። የፓይን ቡቃያ ግን በጨለማም ቢሆን አረንጓዴ ይሆናል። ፀሐይ ገና ሳታየው ማዕዱን ዘርግቶ ይጠብቃል ማለት ይቻላል።

አንድ ተክል በሚያመነጨው ኬሚካል በጎረቤቱ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ «አሌሎፓቲ» ይባላል። ቃሉን ከግሪክኛ ገጣጥሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃንስ ሞሊሽ ነው። ነገሩ ግን ከስያሜው እጅግ ይቀድማል፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የዋልነት ዛፍ ጥላ በሥሩ ለሚበቅሉ ተክሎች እንደማይበጅ ጽፏል።

የተያዘው ፌርማታ

ብርሃን አስተጻምሮ እንዴት ሊደናቀፍ እንደሚችል ለመረዳት ወደ ቅጠሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ክሎሮፕላስት በተባሉት አረንጓዴ የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ የብርሃን ጉልበት ውኃን ይሰነጥቃል፤ ከውኃው የተገኙት ኤሌክትሮኖችም ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው እየተላለፉ ይጓዛሉ። ስኳር የሚሠራበት ጉልበት የሚገኘው ከዚህ ጉዞ ነው። ጉዞው የሚጀምረው ፎቶሲስተም 2 በተባለ የፕሮቲን ስብስብ ላይ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖቹን ተቀብሎ የሚወስደው ፕላስቶኩዊኖን የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ነው።

ፕላስቶኩዊኖንን ፌርማታ ላይ ቆሞ ሁለት ተሳፋሪ ብቻ የሚጭን ታክሲ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ባዶውን መጥቶ በፕሮቲኑ ላይ ባለች ጠባብ ቦታ ይቆማል፣ ሁለት ኤሌክትሮን ይጭናል፣ ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። በዚያች ቦታ ላይ የማይጭንም የማይሄድም መኪና ቢቆምባት ተሳፋሪው ይከማቻል። ቅጠሉን የሚገድለው ታዲያ በዋናነት የስኳር እጦት አይደለም። መሄጃ ያጣው የብርሃን ጉልበት ወደ ኦክስጅን ይዞርና አደገኛ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል፤ እነዚህም የሕዋሱን ሽፋን ያቃጥላሉ። ተክሉ የሚጠፋው በሚኖርበት ብርሃን ነው።

በዓለም ላይ በስፋት የተረጩት አትራዚንና ዳይሮን የተባሉት ፀረ አረም ኬሚካሎች የሚሠሩት ይህችን ቦታ በመያዝ ነው። የሰው ልጅ ይህን ስልት በፋብሪካ ከማግኘቱ በፊት ግን ማሽላ ያውቀው ነበር። የማሽላ ሥር ጸጉሮች ወርቃማ የቅባት ጠብታዎችን ያመነጫሉ፤ በጠብታዎቹ ውስጥ የሚገኘው ዋነኛ ውሑድ ሶርጎሊዮን ይባላል። ከተክል ሥር ተነጥሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በላቦራቶሪ ሲፈተሽም ልክ እንደ አትራዚን የፕላስቶኩዊኖንን ማረፊያ የሚይዝ ሆኖ ተገኝቷል።

ፐርዱ በዚያን ዘመን የማሽላን ሥር አጥብቆ የሚመረምርበት ምክንያት ነበረው። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ዘሩ የሚነቃው የማሽላ ሥር በሚለቃቸው ኬሚካሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ማዳቀል ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጡት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ባካሄዱት ምርምር በመታገዝ ነው። የሶርጎሊዮን ግኝት ከዚሁ በትለር ላቦራቶሪ የወጣ ነው። ከማሽላ ሥር የሚወጣ ኬሚካል በአንድ በኩል ጠላትን የሚቀሰቅስ፣ በሌላ በኩል ጎረቤትን የሚመታ መሆኑ የታወቀው በተቀራረቡ ዓመታት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር።

ብርሃን አስተጻምሮን የሚያውክበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ግቢዎችና መንገዶች ዳር በቀይ ብሩሽ መሰል አበባው የሚታወቀው ቦትልብራሽ ሌፕቶስፐርሞን የተባለ ውሑድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ተመራማሪ በዚህ ዛፍ ሥር አረም እምብዛም እንደማይበቅል አስተውሎ ምክንያቱን ፈለገ። ውሑዱ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ አያግድም፤ ተክሉ ፕላስቶኩዊኖንን እንዳይሠራና ክሎሮፊልን ከብርሃን የሚጠብቁትን ቢጫ ቀለሞች እንዲያጣ ያደርጋል፤ አዲሱ ቅጠልም ነጥቶ ይወጣል። ዛሬ በበቆሎ እርሻ ላይ የሚረጨው ሜሶትሪዮን የተባለ ፀረ አረም የተወለደው ከዚያ ምልከታ ነው።

ቁልፉ አንድ፣ መንገዱ ልዩ ልዩ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የፎቶሲስተም 2 አሠራር በማሽላም፣ በአረሙም፣ በፓይኑም ውስጥ በመሠረቱ አንድ ነው። ከፓይን መርፌ የተነጠለ ክሎሮፕላስት በብርጭቆ ውስጥ አትራዚን ቢጨመርበት እንደማንኛውም ተክል ክሎሮፕላስት ሥራውን ማቆሙ የሚጠበቅ ነው። ይሁንና በአውሮፓና በአሜሪካ የኮኒፈር ችግኝ ጣቢያዎችና የገና ዛፍ እርሻዎች ከአትራዚን ቤተሰብ የሆኑ ኬሚካሎችን ለአሥርተ ዓመታት ሲጠቀሙ የኖሩት አረሙን ገድለው ዛፉን ስለሚተዉላቸው ነው። ሄክሳዚኖን የተባለውም በፓይን ተክል ውስጥ የሚወዳደሩ ሰፋፊ ቅጠል ዛፎችን ለማጥፋት ይውላል፤ እርሱም የሚዘጋው ያችኑ ፌርማታ ነው።

ልዩነቱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ኬሚካሉ ጥልቅ ወደሆነው ሥር ላይደርስ ይችላል፤ ቢደርስም ዛፉ ወደ ቅጠሉ ሳያደርስ ሊሰባብረው ይችላል። በቅጠል በኩል ልግባ ቢልም የኮኒፈር መርፌ በወፍራም ሰም የተሸፈነ ነው። ሶርጎሊዮን ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። ቅባታማ ስለሆነ ከአፈር ጋር ይጣበቃል፤ በሥር ተስቦም ወደ ላይ አይጓዝም። የሚጎዳው ገና ከአፈር ሲወጡ በግንዳቸውና በመጀመሪያ ቅጠሎቻቸው የነኩትን ጥቃቅን ቡቃያዎች ነው። ከፍ ያለውን ተክል ግን ብርሃን አስተጻምሮውን ሳይነካ ያልፈዋል።

«ይህ ተፈጥሯዊ ውሑድ ብርሃን አስተጻምሮን ያቆማል» የሚል ዜና ሲነበብ መጠየቅ ያለበት የት እንደታየ ነው፤ በብርጭቆ ውስጥ በተነጠለ ክሎሮፕላስት ላይ ነው? በችግኝ ላይ ነው? ወይስ በደን ውስጥ በቆመ ዛፍ ላይ? ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው የሚዘልሉ ጽሑፎች ቁጥር ደግሞ ቀላል አይደለም።

ከቦዬ እስከ ክሮክቤር

በኡሜዮ ከተማ በሚገኘው የስዊድን ግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሚሠሩት ኡሌ ዛክሪሶንና ማሪ-ሻርሎት ኒልሶን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት የክሮክቤር ቅጠል ጭማቂ የስኮትስ ፓይንንና የአስፐን ዛፍን ዘር መብቀል እንደሚያግድ አሳዩ። በዚያው ዓመት ዋነኛው ተጠርጣሪ በስም ታወቀ፤ ባታታሲን 3 ይባላል። ውሑዱ ለሳይንስ እንግዳ አልነበረም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ያገኙት በቦዬ ወገን ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ሥራው የተክሉ እንቡጦች ጊዜያቸው እስኪደርስ እንዲተኙ ማድረግ ነው። ያንኑ የእንቅልፍ መድኃኒት ክሮክቤር ለጎረቤቱ ያዋለው ይመስላል።

ባታታሲኖች ከተክል በተነጠሉ ክሎሮፕላስቶች ላይ ተሞክረው የኤሌክትሮኑን ጉዞ እንደሚገቱ፣ ሕዋሱ ለመተንፈስ የሚጠቀምበትንም ሥርዓት እንደሚያውኩ ታይቷል። እንግዲህ መልሱ የተገኘ ይመስላል፤ ቁጥቋጦው ብርሃን አስተጻምሮን የሚዘጋ መርዝ አለው፣ መርዙ በዝናብና በበረዶ ቅላጭ ታጥቦ ወደ አፈር ይወርዳል፣ ፓይኑ ይሞታል።

የኡሜዮ ተመራማሪዎች ግን በዚህ አልረኩም። ባታታሲን 3 የሚቀመጠው በክሮክቤር ቅጠል ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ ነው፤ ታጥቦ ሲወርድ የሚያርፈው በብስባሹ ላይ ነው። በዚያ ብስባሽ ውስጥ የሚጠብቀው የፓይኑ ሥር እንጂ መርፌው አይደለም። ከሥሩ ጋር ደግሞ ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ አለ፤ ፓይን በዚያ ድሃ አፈር ናይትሮጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በዚህ ፈንገስ በኩል ነው። ኒልሶንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሥራ የክሮክቤር ጭማቂ የፓይንን ሥር ዕድገትና ከፈንገሱ ጋር ሆኖ የሚወስደውን ናይትሮጅን እንደሚቀንስ አሳዩ። ቆየት ብሎ በበርች ዛፍ ሥሮች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ንጹሕ ባታታሲን 3 ሥሩ አሞኒየም የተባለውን የናይትሮጅን ዓይነት እንዳይስብ እንደሚያግድ አረጋገጠ።

ይህ ለብርሃን አስተጻምሮ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። ከአንድ ቅጠል ናይትሮጅን ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በብርሃን አስተጻምሮ ፕሮቲኖች ውስጥ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም ብቻውን ከፍተኛውን ክፍል ይወስዳል። ክሎሮፊልም ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ስለዚህ ሥሩ የተመታ ችግኝ መርፌው አንድም ጠብታ መርዝ ሳይነካው የብርሃን አስተጻምሮ አቅሙ ይወርዳል። ምድጃው አልተሰበረም፤ ማገዶው ነው የተቋረጠው። በብርጭቆ ውስጥ የታየው እገዳ እውነት ቢሆንም፣ በደኑ ውስጥ ጉዳቱን በቀጥታ የሚያስረዳው በሥር በኩል ያለው ማስረጃ ነው።

ነገሩን በመሣሪያ ለመለየት የሚሞክር ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ቅጠል ከሚቀበለው ብርሃን ጥቂቱን መልሶ በቀይ ብርሃን መልክ ያወጣል፤ ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል። ቅጠሉን ለጥቂት ጊዜ በጨለማ አቆይቶ በኃይለኛ ብርሃን በመምታት ፎቶሲስተም 2 ምን ያህል ጤናማ እንደሆነ በቁጥር ማወቅ ይቻላል፤ ጤናማ ቅጠል 0.83 አካባቢ ያሳያል። ሌላው ተክል በዚህ ቁጥር በቀላሉ ይመረመራል፤ የሰሜኑ ኮኒፈር ግን ያታልላል። በክረምት ቅዝቃዜ ስኳር መሥራት ሲያቅተው የራሱን ፎቶሲስተም ሆን ብሎ ዝቅ ያደርጋል፤ የሚበላሸውን ብርሃን በሙቀት መልክ ያባክናል። ቁጥሩም ያለ ምንም መርዝ በእጅጉ ይወርዳል፤ ፀደይ ሲመጣ ይመለሳል። በሚያዝያ የተለካን ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ «ክሮክቤር መረዘው» ማለት ብርዱን በቁጥቋጦው ላይ ማላከክ ነው።

ቱቦና ከሰል

የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ችግኙን የጎዳው ኬሚካሉ ነው ወይስ የክሮክቤር ሥሮች ምግቡን ቀድመው መሻማታቸው? እ.ኤ.አ. በ1994 ኒልሶን ያሳተመችው የመስክ ሙከራ በቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። የተወሰኑ የፓይን ችግኞች በአፈር ውስጥ በተቀበረ የፕላስቲክ ቱቦ ታጠሩ፤ በዚህም የቁጥቋጦው ሥር እንዳይደርስባቸው ተደረገ። ለተወሰኑት ደግሞ በመሬቱ ላይ ደቃቅ ገቢር ከሰል ተነሰነሰ። ይህ ከሰል መርዝ ለጠጣ ሰው በሐኪም ቤት የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ በቀዳዳዎቹ ብዛት የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል፤ የክሮክቤርን ውሑዶች ይዞ ያስቀራል። የቀሩት ችግኞች ሁለቱንም አገኙ፣ ወይም ሁለቱንም አጡ።

ሁለቱም ጥበቃ የተደረገላቸው በጣም አደጉ፤ ምንም ያላገኙት ቀጨጩ፤ አንዱን ብቻ ያገኙት በመካከል ሆኑ። መልሱ እንግዲህ «ሁለቱም» ነው። ቁጥቋጦው ይሻማል፣ ደግሞም ይመርዛል፤ የሥሩ መመረዝም ሽሚያውን ለቁጥቋጦው ያቀልለታል።

በዚህ የሙከራ ስልት ላይ የተነሳው ትችት ችላ የሚባል አይደለም። ከሰል መርዝን ብቻ መርጦ አይዝም፤ የአፈሩን ንጥረ ነገርም ይለውጣል፤ አንዳንድ ተክሎች በአጠገባቸው ምንም ጎረቤት ሳይኖር ከሰል ሲጨመርላቸው ብቻ የተለየ ዕድገት ማሳየታቸው በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ታውቋል። በአሌሎፓቲ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ሳልቪያ በተባለ መዓዛማ ቁጥቋጦ ዙሪያ የሚታየው ባዶ መሬት የተነገረለት ከቅጠሉ በሚተንነው ኬሚካል ምክንያት ነው ተብሎ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ብሩስ ባርቶሎሜው ያንን ባዶ መሬት በወንፊት ሽቦ አጠረው፤ ሣሩም በቀለ። ቡቃያውን ይበሉት የነበሩት በቁጥቋጦው ውስጥ የተደበቁ አይጦችና ሌሎች ትናንሽ እንስሳት ነበሩ። የክሮክቤር ጉዳይ ከዚህ የሚሻለው ማስረጃው በአንድ ሙከራ ላይ ያልቆመ፣ ውሑዱም በስም የታወቀና በንጹሕ መልኩ በሥር ላይ የተፈተነ በመሆኑ ነው።

በአሜሪካ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በግቢያቸው ሊያገኙት የሚችሉት ጥቁር ዋልነትም ከዚህ ክርክር አልወጣም። ዛፉ የሚያመነጨው ጁግሎን በላቦራቶሪ የተክልን እስትንፋስና ብርሃን አስተጻምሮ ያዳክማል፤ ፓይንም ከሚጎዱት ዛፎች ተርታ ሲቆጠር ኖሯል። በመስክ ያለው ማስረጃ ግን ከሚወራው ይልቅ ስስ መሆኑን የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ። በዋልነት ሥር የጠወለገ ቲማቲም ጥላና ጥማት የበደሉት ሊሆን ይችላል።

ኮኒፈርም ሁልጊዜ ተበዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ልሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚከልሰን ያሳተሙት ጥናት የፈረንጅ ጥድንና የሦስት የባሕር ዛፍ ዓይነቶችን የቅጠል ጭማቂ በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በአተርና በሽምብራ ላይ ፈትሿል። ባሕር ዛፍ ሰብል አያስበቅልም የሚለው የገበሬው አባባል ሲነሳ የፈረንጅ ጥድ ስም አብሮ የማይነሳው ለምን እንደሆነ የሚያስገርም ነው።

እሳቱ ሲጠፋ

የስዊድን የቆዳ ስፋት 70 በመቶ ገደማ በደን የተሸፈነ ነው፤ ደኑም የአገሪቱ አንዱ የገቢ ምንጭ ነው። ክሮክቤር በዚህ ደን ውስጥ እንዲህ የነገሠው ለምን እንደሆነ ሲጠና መልሱ የሰው እጅ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በቀደሙት ዘመናት ሰሜናዊውን ደን የመብረቅ እሳት በአማካይ ከ50 እስከ 100 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጎበኘው ነበር። የስኮትስ ፓይን ወፍራም ቅርፊት እሳቱን ይቋቋማል፤ ክሮክቤር ግን ሥሩ ከላይ ስለሆነ ይቃጠላል፤ ዳግም ለመስፋፋትም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ወዲህ እሳቱ በብርቱ ቁጥጥር ሥር ዋለ። ቁጥቋጦውም የሚከለክለው አጣ።

እሳት ሲርቅ ምን እንደሚሆን በጉልህ የታየው አርየፕሉግ በተባለው አካባቢ፣ ሁርናቫንና ኡድያውሬ በተሰኙ ሁለት ሐይቆች ላይ ነው። በሐይቆቹ ላይ የተበተኑት ደሴቶች መጠናቸው ይለያያል፤ ትልቁ ደሴት መብረቅ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ትንሹ ግን ለሺህ ዓመታት ሳይቃጠል ሊኖር ይችላል። ኒውዚላንዳዊው ዴቪድ ዋርድልና የስዊድን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በ50 ደሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት አሳተሙ። እሳት ደጋግሞ ባገኛቸው ትልልቅ ደሴቶች ላይ አፈሩ ሕይወት አለው። ባልተቃጠሉት ትንንሾቹ ላይ ክሮክቤር ተንሰራፍቷል፤ ቅጠሉ በፌኖል ውሑዶች የተሞላ ስለሆነ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ብስባሹ ዓመት በዓመት ላይ ይከመራል፤ ናይትሮጅኑም በውስጡ ታስሮ ይቀራል። አንዳንዶቹ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ እሳት አላዩም።

ይህ እውቀት በተግባር ላይ ሲውል ቀላል ምርጫ አያቀርብም። ባለሙያዎች አንዳንድ ቦታ ደኑን በቁጥጥር ያቃጥላሉ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 በጋ ስዊድንን ያንገበገበውን የደን ቃጠሎ ያየ ሕዝብ ዘንድ ክብሪት ይዞ ወደ ደን መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ የላዩን ብስባሽ በማሽን ገልብጦ ማዕድናዊውን አፈር ማውጣት ነው፤ ነገር ግን መሬቱን ያቆስላል። ዛክሪሶንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። በማሽን የፈላ የውኃ እንፋሎት በቁጥቋጦው ላይ በመልቀቅ ሥሩን ድረስ ቀቅለው ገደሉት፤ አፈሩ ሳይገለበጥ የተዘሩት ፓይኖችም ከቁጥቋጦው ሽሚያ ነፃ ሆነው አደጉ። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ሆኖም በአንድ አካባቢ የሚሞከር ማሽንና የአንድ አገር ደን ስፋት የሚመጣጠኑ አይደሉም።

እንፋሎት ግን እሳት የሚተወውን አንድ ነገር አይተውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የእነዛክሪሶን ጥናት ትኩረቱን ያደረገው ከቃጠሎ በኋላ በአፈር ውስጥ በሚቀረው ከሰል ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ በተለያየ ዘመን ከተቃጠሉ ደኖች ከሰል ሰበሰቡ፤ የፌኖል ውሑዶችን የመያዝ አቅሙንም ለኩ። የቅርብ ጊዜው ከሰል ልክ በሙከራው እንደተነሰነሰው ገቢር ከሰል የክሮክቤርን ውሑዶች ከአፈሩ ይስብ ነበር። ዕድሜው ወደ 100 ዓመት ሲደርስ ቀዳዳዎቹ ሞልተው አቅሙን ያጣል፤ ይህም በቀድሞው ዘመን ከአንዱ እሳት እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። አቅም ያጣው አሮጌ ከሰል በላቦራቶሪ ዳግም ሲሞቅ ውሑዶቹን መያዝ ጀመረ።